ከኮትስክ ደጅ የወጡት ረቢ፦ የመርዶኻይ ዮሴፍ ላይነር ጉዳይ

በ1839 መጸው፣ አይሁድ የኦሪትን ደስታ በሚያከብሩበት በዓል ሰሞን፣ ኮትስክ በምትባል ትንሽ የፖላንድ ከተማ አንድ ትልቅ መለያየት ሆነ። የዚያ ደጅ መሪ የረቢ መናኸም ሜንደል የቅርብ ሰው የነበሩት መርዶኻይ ዮሴፍ ላይነር ያን ደጅ ትተው ወጡ። ብቻቸውንም አልነበሩም፤ ብዙ ሐሲዶች ተከትለዋቸው ሄዱ። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት የሐሲዶችን ኑሮ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። እንቅስቃሴው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ዩክሬንና ፖላንድ አካባቢ በአይሁድ መካከል የተነሳ ነው። ማዕከሉ ረቤ የሚሉት መንፈሳዊ አባት ነው። ሐሲዱ ከሩቅ አገር በእግሩ ይመጣል። ደጅ ይጠናል። ሰንበትን ከረቤው ጋር ይውላል፣ ከማዕዱ ይቋደሳል፣ ጭንቀቱን ይነግረዋል። ልጁን ሲድር፣ ሥራ ሲቀይር፣ ሲታመም የሚሮጠው ወደዚያው ነው። እንዲህ ያለ አባት በሕይወት እያለ ትቶ መሄድ፣ ያውም ሰው አስከትሎ፣ እንደ ክህደት ይቆጠራል። ኮትስክ ውስጥም እንደዚያው ነው የተቆጠረው።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከኮትስክ በፊት ነው። መርዶኻይ ዮሴፍ የተወለዱት በ1800 ገደማ በሉብሊን አውራጃ ባለችው ቶማሹቭ ነው። በወጣትነታቸው ፕሺሱኻ ወደምትባል የፖላንድ ከተማ ሄደው የረቢ ሲምኻ ቡኒም ደቀ መዝሙር ሆኑ። ሲምኻ ቡኒም የተለዩ ሰው ነበሩ። በንግድ ዳንዚግና ላይፕዚግ ድረስ ተመላልሰዋል። በኋላም መድኃኒት ቤት ከፍተው በፋርማሲስትነት ሠርተዋል። በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፋ። ተአምር አድራጊ ነኝ አይሉም፤ ለታይታ የሚደረግ ጽድቅም አይወዱም። ከተማሪዎቻቸው የሚፈልጉት ሰው ራሱን እንዲመረምር ነው። ለምን ጸለይክ? ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ጎረቤትህ እንዲያይህ? ፕሺሱኻ ውስጥ ሰው ቀን ከሌሊት የሚሟገተው በዚህ ነበር።

ሲምኻ ቡኒም በ1827 ሲያርፉ ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ ወደ መናኸም ሜንደል ዞሩ። መናኸም ሜንደል በ1787 የተወለዱ ሲሆን ያኔ የሚኖሩት በቶማሹቭ ነበር። በኋላ ነው ወደ ኮትስክ የተዛወሩት። መርዶኻይ ዮሴፍ በዕድሜ ያንሳሉ፤ ግን የአንድ መምህር ልጆች ናቸው። አብረው ተምረዋል፣ አብረው ተሟግተዋል። አሁን አንደኛው ረቤ ሆነ፤ ሌላው ከሥሩ ቁጭ አለ። ይህ ነገር 12 ዓመት ያህል ቆየ። እኔ ይህን ቁጥር ቀላል አድርጌ አላየውም። ሥልጣን የጓጓ ሰው 12 ዓመት አይጠብቅም።

ኮትስክ እሳት ነበረች። መናኸም ሜንደል ውሸትን በምንም መልኩ የማይታገሡ ሰው ነበሩ። ለሰው የሚነግሩትን አይቀንሱም፣ አያለዝቡም። ወደ እሳቸው የሚመጡት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ሚስትና ልጅ ትተው ለወራት ይቀመጣሉ፣ የተቀደደ ለብሰው ይውላሉ፣ እርስ በርሳቸውም በኃይል ይነቃቀፋሉ። እዚያ ጥሩ ሰው ሆኖ መታየት አሳፋሪ ነበር። ጥቂት የተመረጡ ሰዎች ከፍ ብለው እስከ ጫፍ እንዲደርሱ ነበር የረቤው ምኞት። የማይችለው ሰውስ? የወደቀው? የደከመው? ለእሱ በኮትስክ ብዙ ቦታ አልነበረውም። የዚህ ጉዳይ ቁልፍ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

ከዚያ 1839 መጣ።

ስለዚያ ሰሞን ብዙ ይወራል። በሰፊው የሚታወቀው ወሬ፣ መናኸም ሜንደል አንድ ዓርብ ማታ በሕዝብ ፊት ሰንበትን ሻሩ፣ መርዶኻይ ዮሴፍም ያን አይተው ወጡ የሚል ነው። አንዳንዱ ሻማ ነኩ ይላል፣ ሌላው ከዚህም የከፋ ቃል ተናገሩ ይላል። እኔ ይህን ወሬ አላምነውም። የተሰራጨው በኋላ ዘመን ነው፤ ታሪክ አጥኚዎችም ብዙዎቹ አይቀበሉትም። አንድ ቀላል ማስረጃም አለ። የመናኸም ሜንደል ዋርሳ፣ የኮትስክ ሐሲድ የነበሩት ረቢ ይጽሐቅ ሜየር አልተር ናቸው። በሕግ አዋቂነታቸው በመላው ፖላንድ የታወቁ ሊቅ ነበሩ። ረቤው ሰንበትን በአደባባይ ሽረው ቢሆን እኚህ ሰው አንድ ቀን አያድሩም ነበር። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ከመናኸም ሜንደል ጎን ቆሙ። በኋላም ጌር የተባለውን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በፖላንድ ትልቁን የሐሲድ ቤት መሠረቱ።

እርግጠኛ ሆኖ መናገር የሚቻለው ይህን ነው፦ በዚያው ዘመን ገደማ መናኸም ሜንደል በራቸውን ዘግተው ከሕዝብ ተለዩ። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1859፣ ወደ 20 ዓመት ያህል በአንድ ክፍል ተከተው ኖሩ። ብዙ ሐሲዶች አባት አልባ ሆኑ። መርዶኻይ ዮሴፍም በዚያው ወቅት ወጡ።

ለመውጣታቸው ሁለት ወገን ሁለት ምክንያት ይሰጣል። የኮትስክ ሰዎች በአጭሩ ከዳን ይላሉ። መምህራቸው በጨለማ ውስጥ በነበሩበት ሰዓት፣ አጠገባቸው መሆን ሲገባቸው፣ ሰው ይዘው ሄዱ ነው ክሳቸው። ይህን ክስ ማጣጣል አይገባም። ከወዳጅህ የምትለየው በክፉ ቀኑ ከሆነ ይህ ቁስል ነው፤ ለትውልድም ተርፏል።

የላይነር ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ነው የሚለው። የቤተሰቡን ትውፊት በደንብ የጻፉት የልጅ ልጃቸው ጌርሾን ሄኖኽ ናቸው። እንደ እሳቸው አባባል ጊዜው ደርሶ ነው። በአይሁድ አቆጣጠር 5600 ዓመት የገባው በዚያው መጸው ነው። ዞሃር የተባለው የምሥጢር መጽሐፍ በስድስተኛው ሺህ በስድስት መቶኛው ዓመት የጥበብ በሮች እንደሚከፈቱ ይናገራል። መነሻው የኖኅ ታሪክ ነው። ኖኅ ስድስት መቶ ዓመት በሆነው ጊዜ የታላቁ ቀላይ ምንጮች ተነደሉ፣ የሰማይም መስኮቶች ተከፈቱ ይላል ዘፍጥረት 7። ስለዚህ መርዶኻይ ዮሴፍ ይዘውት የቆዩት ትምህርት የሚገለጥበት ዓመት ይህ ነው ይላሉ። በምሥራቅ አውሮፓ የነበሩ ብዙ አይሁዶች ያን ዓመት መሲሕ ይመጣበታል ብለው ይጠብቁት ስለነበር፣ ሐሳቡ ከሰማይ ዱብ ያለ አልነበረም።

የትኛው ትክክል ነው? ሁለቱንም አንብቤ የደረስኩበትን ልናገር። ሁለቱም ስለ ራሳቸው ቤት የሚከራከሩ ናቸው፤ ስለዚህ ወጡ የተባለበትን ቀን ሳይሆን ከወጡ በኋላ ምን አስተማሩ የሚለውን ማየት ይሻላል። ትምህርታቸው ለወደቀ ሰው የተዘጋጀ ነው። ኮትስክ ለማይችለው ሰው ያልነበራት ቃል እዚህ አለ።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቬንግሩፍ ነው። ከዚያ ኢዝቢጻ ገቡ። ኢዝቢጻ በቬፕሽ ወንዝ ዳር ያለች የሉብሊን አካባቢ ከተማ ናት። አገሩ ያኔ በሩሲያ ዛር ሥር ነበር። ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል አይሁድ ነበር፣ ኑሮዋም የድህነት። እዚያ ሆነው እስከ 1854 ድረስ በየሰንበቱና በየበዓሉ አስተማሩ። በእጃቸው መጽሐፍ አልጻፉም። ሲናገሩ የሰሙት ናቸው በኋላ በየማስታወሻቸው ያስቀመጡት።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ። ረጋ ብለን የምንቆይበት ይህ ነው።

ታልሙድ በሚባለው የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ ውስጥ የታወቀ አባባል አለ። ሁሉ በሰማይ እጅ ነው፣ ከፈሪሃ እግዚአብሔር በቀር ይላል። ማለትም ሀብትህ፣ ቁመትህ፣ ዕጣህ ከላይ ነው፤ ጻድቅ ወይም ኃጥእ መሆን ግን የአንተ ምርጫ ነው። የአይሁድ ሃይማኖት ቤት ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱ ነው። መርዶኻይ ዮሴፍ ግን ምርጫው ያንተ የሚመስለው በሰው ዓይን ሲታይ ነው አሉ። በእውነቱ ሁሉም፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ጭምር፣ በሰማይ እጅ ነው። አንድ ቀን መጋረጃው ሲገለጥ ሰው ያደረገው ሁሉ ከእግዚአብሔር ፈቃድ ውጭ እንዳልነበረ ያያል።

አስቡት። ይህን የሚናገሩት በየቀኑ ሦስት ጊዜ የሚጸልዩ፣ ትእዛዛትን አንድ በአንድ የሚጠብቁ ረቢ ናቸው።

ከዚህ የሚቀጥል ሌላ ሐሳብ አለ። እያንዳንዱ ሰው ሲፈጠር አብሮት የተፈጠረ አንድ ጉድለት አለው። አንዱ ቁጣ ነው፣ ሌላው ፍትወት፣ ሌላው ገንዘብ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚሰናከለው በዚያው ነገር ነው። መርዶኻይ ዮሴፍ ያ ጉድለት በስህተት የመጣ አይደለም ይላሉ። የሰውየው የሕይወት ሥር እዚያው ነው ያለው፤ የመጣበትም ሥራ እሱን ማጥራት ነው። ለዓመታት በአንድ ኃጢአት ሲወድቅና ሲነሳ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም።

ስለ ይሁዳና ስለ ኤፍሬም የተናገሩት ደግሞ ራሳቸውን የገለጡበት ይመስለኛል። ኤፍሬም በሁሉ ነገር ሕጉን ይመለከታል። ሕጉ ምን ይላል? ካለው ፈቀቅ አይልም። ይሁዳም ሕጉን ያውቃል፤ ግን በዚያ አያቆምም። በእያንዳንዱ ጊዜ እግዚአብሔር አሁን ምን ይፈልጋል ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዴ ያ ጥያቄ ሕጉ ከሚያሳየው ሌላ ቦታ ያደርሰዋል። የትዕማር ታሪክ እንዲህ ያለ ነው። ይሁዳ ከምራቱ ጋር መተኛቱ ነውር ነው፤ የዳዊት ዘር የመጣው ግን በዚያ ነው።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው በዘኁልቁ 25 ላይ የሰጡት ትርጓሜ ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ዘምሪ የተባለ የስምዖን ነገድ አለቃ ምድያማዊቱን ከስቢን በሕዝቡ ፊት ወደ ድንኳኑ አስገባ። ፊንሐስ ጦር አንሥቶ ሁለቱንም ወጋ፤ መቅሰፍቱም ተከለከለ። ለዘመናት ፊንሐስ ጀግና፣ ዘምሪ ወራዳ ነው። መርዶኻይ ዮሴፍ ዘምሪ ተራ ሴሰኛ አልነበረም አሉ። ከክፉ ምኞት ሁሉ ራሱን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ መጠበቅ በኋላ ያልጠፋ ነገር ስላየ፣ ይህች ሴት ከፍጥረት ጀምሮ የእኔ ናት ብሎ አሰበ። ፊንሐስ የፈረደው በሰው አእምሮ ነው፣ እንደ ልጅ፤ የነገሩን ጥልቀት አላየም። ሆኖም ቅንዓቱ ለእግዚአብሔር ስለነበረ እግዚአብሔር ወደደው፣ የሰላምንም ቃል ኪዳን ሰጠው።

ይህ ትምህርት ያስፈራል። ያላስፈራው ሰው በደንብ አላነበበውም። ማንም የፈለገውን አድርጎ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ሊል ይችላል። መርዶኻይ ዮሴፍ ይህን ያውቁ ነበር። ለዚህም ነው ደጋግመው ስለ ማጥራት የሚናገሩት። ሰው በመጀመሪያ ከምኞቱ ይራቅ። ይታገለው። ራሱን ይመርምር፤ ልክ ፕሺሱኻ ውስጥ እንደተማሩት። በራሳቸው ኑሮም ከሕጉ ፈቀቅ ያሉ ሰው አልነበሩም። ይህ አጥር ተነጥሎ ትምህርቱ ብቻ ሲወሰድ ሌላ ነገር ይሆናል።

ወደ ኢዝቢጻ የመጡት ሰዎች ማንነትም ብዙ ይነግረናል። አንደኛው ይሁዳ ሌብ አይገር ናቸው። የታላቁ ሊቅ የአኪቫ አይገር የልጅ ልጅ ሲሆኑ ቤተሰባቸው ከሐሲዶች ወገን አልነበረም። ሁለተኛው ጻዶቅ ሃኮኸን ይባላሉ። በ1823 በዛሬዋ ላትቪያ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው የዕውቀት ተአምር የሚባሉ ወጣት ነበሩ። ሐሲዶችን በሚቃወም ቤት ነው ያደጉት። ትዳራቸው ፈረሰ። ሚስታቸው ፍቺውን አልቀበልም ስላሉ፣ ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት የመቶ ረቢዎችን ፊርማ ለመሰብሰብ ከከተማ ከተማ ይዞሩ ጀመር። በዚያ ጉዞ ኢዝቢጻ ደረሱ። መርዶኻይ ዮሴፍን አገኙ፤ ልባቸው እዚያው ቀረ። በኋላ ከአይሁድ አሳቢዎች ሁሉ ጥልቅ ከሚባሉት አንዱ ሆኑ። ሕይወቱ የተሰበረበት ሊቅ ወጣት በዚያ ሰዓት ኮትስክ ቢሄድ ኖሮ የሚያገኘው የተዘጋ በር ነበር።

መርዶኻይ ዮሴፍ በጥር 1854 አረፉ። ከዚያ ምን ሆነ? የእሳቸውም ቤት ተከፈለ። ብዙው ሕዝብ ልጃቸውን ያዕቆብን ተከተለ። ይሁዳ ሌብ አይገር ግን ሉብሊን ውስጥ የራሳቸውን ደጅ ከፈቱ፤ ጻዶቅም ከእሳቸው ጋር ሆኑ። አይገር በ1888 ሲሞቱ መሪነቱ ወደ ጻዶቅ ተላለፈ። የሐሲዶች ታሪክ በመሠረቱ እንዲህ ነው የተሠራው። በቅርቡ፣ በ2019፣ እስራኤል ውስጥ የጌር ቤት ራሱ ተከፍሎ ረቢ ሻኡል አልተር የራሳቸውን ጉባኤ መሥርተዋል። ያኔም ጊዜው የኦሪት ደስታ በዓል ሰሞን ነበር።

ትምህርታቸው በመጽሐፍ የወጣው መርዶኻይ ዮሴፍ ከሞቱ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በ1860 ጌርሾን ሄኖኽ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ሳሉ የአያታቸውን ቃል ሰብስበው ቪየና አሳተሙት። ርዕሱ የሰሊሆም ውሃ ነው፤ ኢሳይያስ 8 ላይ በቀስታ የሚሄደው የተባለው። ሲምኻ ቡኒም ወጣቱን መርዶኻይ ዮሴፍን በዚያ ውሃ መስለዋቸው ነበር ይባላል፤ ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ ግን ጥልቅ ነው ብለው። መጽሐፉን አንዳንዶች በቁጣ አቃጠሉት የሚል ወሬ አለ። የዘምሪን ክፍል ላነበበ ሰው ቁጣው አይደንቅም። ሁለተኛው ክፍል ሳይታተም እስከ 1922 ቆየ።

ጌርሾን ሄኖኽ ራሳቸው የተለየ ምዕራፍ ናቸው። መኖሪያቸው ራድዚን ነበረች። ዘኁልቁ 15 በልብሱ ዘርፍ ላይ ሰማያዊ ፈትል እንዲደረግ ያዝዛል። የቀለሙ ምንጭ የሆነው የባሕር ፍጥረት የቱ እንደሆነ ከተረሳ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ አይሁድ በነጭ ክር ብቻ ይጸልዩ ነበር። ጌርሾን ሄኖኽ ተነሡና እፈልገዋለሁ አሉ። ጣሊያን፣ ናፖሊ ሄደው በዚያ ያለውን የባሕር እንስሳት ማሳያ አዩ። ጥቁር ቀለም ከሚረጨው፣ ሴፒያ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ሰማያዊ ቀለም አወጡ። ሐሲዶቻቸው ማሰር ጀመሩ። ሌሎች ረቢዎች ተቃወሙ። በ1913 ይጽሐቅ ሄርዞግ ለዶክትሬት ጥናታቸው ክሩን በላቦራቶሪ ሲያስመረምሩ፣ የፕሩሺያ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም ሆኖ ተገኘ። ሰማያዊውን የሰጠው እንስሳው ሳይሆን ሲዘጋጅ የሚጨመረው ብረት ነበር። ዛሬ ብዙዎች ቀለሙ ሙሬክስ ከሚባል ቀንድ አውጣ ነው የሚገኘው ይላሉ። የራድዚን ሐሲዶች ግን የጌርሾን ሄኖኽን ክር አልተዉም። እስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች ሰማያዊ ክር ያለበት ልብስ የለበሰ ሰው በመንገድ ስታዩ፣ የክርክሩ አንዱ ጫፍ ከዚህ ቤተሰብ ነው የሚነሳው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ናዚዎች በ1942 ኢዝቢጻን የማስተላለፊያ ጌቶ አደረጓት። ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከቼክ አገር የመጡ አይሁዶች ተጭነው እዚያ ይራገፉና ወደ ቤልዜክና ወደ ሶቢቦር የሞት ካምፖች ይነዱ ነበር። የመቃብር ድንጋዮቹን ነቅለው የእስር ቤት ግንብ ሠሩባቸው። የዘመኑ የራድዚን ረቤ ሽሙኤል ሽሎሞ ላይነር፣ የመርዶኻይ ዮሴፍ ዘር፣ ሕዝቡን ወደ ጫካ ሽሹ፣ በእጃቸው አትግቡ ይሉ ነበር። በዚያው ዓመት በቭዎዳቫ ተገደሉ። የሚገርመኝ ይህ ነው። ሁሉ በሰማይ እጅ ነው ካለ ቤት የወጣ ሰው፣ እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ አላለም።

የተረፉት የራድዚን ሐሲዶች ዛሬ ማዕከላቸው ብኔ ብራክ ነው። ቁጥራቸው ከጌር ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። መጽሐፉ ግን ከቤቱ ወጥቶ ሄዷል። ረቢ ሽሎሞ ካርልባኽ በዜማቸውና በታሪኮቻቸው መካከል እያመጡ ለብዙ ወጣቶች አስተዋወቁት። አሁን በእስራኤልና በአሜሪካ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎችም ይነበባል። የዘምሪን ክፍል ለወጣቶች ማስተማር ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር አልበረደም። እኔ ማስተማር ይገባል ከሚሉት ነኝ፤ ግን ስለ ማጥራት የተናገሩትን አስቀድሞ፣ የዘምሪንም ታሪክ ፊንሐስ ቃል ኪዳን እስከተቀበለበት ድረስ ሳይቆርጡ።